በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፤ ሂስትሪ ውስጥ ያለስ?

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። የዳታቤዝ ሰው ያልሆናችሁ ወዳጆቼ ብትፈልጉ እለፉት። ግን ቁጥር የሚያወጣ፣ ሪፖርት የሚያቀርብ መሥሪያ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ እናንተንም ይነካልና ብታነቡት አይጎዳችሁም።

«ሂስትሪ ላይ አለ።»

ይቺ አባባል ሰልችታኛለች። ያለፈው ሩብ ዓመት ሪፖርት የወጣበት ኩዌሪ የታለ? «ሂስትሪ ላይ አለ።» የተደጋገሙትን ደንበኞች ያጸዳችሁበትስ? «ሂስትሪ ላይ አለ።» የደመወዝ ልዩነቱን ያሰላችሁበትስ? «ቆይ፣ ሂስትሪ ላይ ልየው።» ከዚያ ሰውዬው ዝርዝሩን ወደ ታች ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ ይጎትታል። አሥር የሚመሳሰሉ ኩዌሪዎች ያገኝና አንዱ ላይ ጣቱን አድርጎ «ይሄኛው መሰለኝ» ይላል።

መሰለኝ! በ«መሰለኝ» ደመወዝ ይከፈላል እንዴ?

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኩዌሪ ማለት ለዳታቤዝ የምንጽፈው ጥያቄ ወይም ትዕዛዝ ነው፤ «የዚህን ወር ክፍያ ደምረህ አምጣ» እንደማለት። ይሄን የምንጽፍበት ፕሮግራም ደግሞ ያዘዝነውን በራሱ ያስታውሳል። ብራውዘራችሁ የገባችሁባቸውን ገጾች እንደሚያስታውሰው ማለት ነው። ይሄ ነው ሂስትሪ የሚባለው።

በመጀመሪያ ለሂስትሪ ፍትሐዊ ልሁን። ጥሩ ነገር ነው። መብራት ድንገት ሄዶ ሴቭ ያላደረጋችሁት ነገር ሲጠፋ የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ፒጂ አድሚን ላይ «ኩዌሪ ሂስትሪ» የሚለውን ታብ ስትከፍቱ ትዕዛዙ መቼ እንደሄደ፣ ስንት ረድፍ እንደነካ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደወሰደ፣ ከሽፎ ከሆነም የስህተቱን መልእክት ያሳያችኋል። ኦራክል ኤስኪውኤል ዴቨሎፐር ላይ ኤፍ8 ስትጫኑ ከች ይላል። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ከታች ባለው የአውትፑት ክፍል ውስጥ በየቀኑ ለይቶ ያስቀምጥላችኋል። ዲቢቨር «ኩዌሪ ማናጀር» ይለዋል። የኤስኪውኤል ሰርቨር ሰዎች ማኔጅመንት ስቱዲዮ ውስጥ ይሄ ነገር አብሮ ስላልነበረ ለረጅም ዓመታት ከውጭ ፕለጊን እየጫኑ ኖረዋል፤ ዋጋውን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አደጋ ሲደርስም ሂስትሪ ምስክር ነው። ስንት ሰዓት ላይ ምን ተሰረዘ፣ ስንት ረድፍ ሄደ ለሚለው ጥያቄ ከሰው ትዝታ ይልቅ እሱን እመኑ።

ስለዚህ ሂስትሪን አጥፉት እያልኩ አይደለም። የምቃወመው ሂስትሪን መዝገብ ቤት ማድረግን ነው።

መዝገብ ቤት ስል በትክክል ያንን እናንተ የምታውቁትን ነው። ከማንኛውም መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ሲወጣ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ፊርማና ማኅተም አለው፣ ከታች «ግልባጭ» ተብሎ የሚደርሳቸው ተዘርዝሯል፣ አንዱ ቅጂ መዝገብ ቤት ይቀራል። ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳን ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ይኖራል። አሁን ደብዳቤው ውስጥ ያለውን ቁጥር ተመልከቱ። «በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ደንበኞች አገልግሎት አግኝተዋል» ይላል። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ከአንድ ኩዌሪ። ኩዌሪው የት አለ? አንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ፣ ያውም ሂስትሪ ውስጥ። ለወረቀቱ ማኅተም አድርገንለታል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው እውነት ግን አድራሻ የለውም። ይሄ አያሳፍርም?

ሂስትሪ መዝገብ ቤት መሆን የማይችለው ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ይረሳል። ፒጂ አድሚን ካልነካካችሁት በቀር ለአንድ ዳታቤዝ የሚያስቀምጠው የመጨረሻዎቹን 20 ኩዌሪዎች ብቻ ነው። ሃያ! ሥራ የበዛበት ሰው ከጠዋት ቡናው በፊት ሃያ ኩዌሪ ይጨርሳል። ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል፤ እጃችሁን አውጡ፣ ስንቶቻችሁ አድርጋችሁታል? በጥቁሩ ስክሪን የምትሠሩት ደግሞ፣ የፖስትግሬስ ፒኤስኪውኤል ካልነገራችሁት 500 ያህል ያስቀምጥና አሮጌውን እየጣለ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ይሄ ሁሉ ያለው ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን እናንተው ማሽን ላይ፣ በእናንተው ስም ሥር ነው። ላፕቶፑ ፎርማት የተደረገ ቀን፣ የተሰረቀ ቀን፣ ሰውዬው መልቀቂያ ወስዶ የሄደ ቀን አብሮ ይሄዳል። ባክአፕ የሚያደርገው ማንም የለም፤ ምክንያቱም ባክአፕ የሚደረገው ዳታቤዙ ነው፣ የልጁ ሆም ፎልደር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከትዕዛዙ በፊት የነበረውን አያሳይም። ሂስትሪ ላይ የምታዩት ኩዌሪ ያን ቀን የሠራው ከሱ በፊት ዳታቤዝ ስለመረጣችሁ፣ ጊዜያዊ ቴብል ስለፈጠራችሁ፣ ስኪማ ስለቀየራችሁ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብቻውን አንስታችሁ ስትለጥፉት ወይ አይሠራም፣ ወይ ደግሞ የባሰው ነገር ይሆናል፤ ሌላ ቦታ ላይ ይሠራል። በአረንጓዴ ምልክት «ተሳክቷል» ተብሎ የተቀመጠ አፕዴት ከደቂቃ በኋላ ሮልባክ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ሂስትሪ እጃችሁ የጻፈውን ያውቃል፤ ዳታቤዙ ላይ የቀረውን ግን አያውቅም።

እስቲ የወርክቤንች ተጠቃሚዎች ሐቁን ተናገሩ። ስህተት 1175 የሚባለውን ታውቁታላችሁ፤ ቁልፍ ኮለም ያልተጠቀሰበት ዌር ይዛችሁ አፕዴት ወይም ዲሊት ስትሉ «ሴፍ አፕዴት ላይ ነህ» ብሎ የሚከለክላችሁ። ያንን ጥበቃ የምታጠፋው አንዲት መስመር በስንቶቻችሁ ሂስትሪ ውስጥ ተቀምጣለች? ከአፕዴቱ ጋር አብራ ተመርጣ፣ አብራ ተገልብጣ፣ አብራ ትሄዳለች። ጥበቃውን ማን እንዳነሳው፣ ለምን እንዳነሳው ሳይጠየቅ።

ትክክለኛ ትዕዛዝ በተሳሳተ ቦታ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ጊትላብን አስታውሱ። በፈረንጆች ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፎልደር አጠፋ። ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። ስድስት ሰዓት የሚጠጋ የሰው ሥራ ጠፋ። እዚያ ላይ ሂስትሪ አልነበረበትም፣ ኩዌሪም አልነበረም። ትዕዛዙም ስህተት አልነበረበትም። ስህተቱ ያለበት ቦታ ነው። ሂስትሪ ውስጥ ያለ ኩዌሪን በሁለት ክሊክ እያነሳችሁ ስታስኬዱ ያንኑ በር እየከፈታችሁ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው በዳታቤዝ ላይ አይሠራም፤ እዚህ ያፈሰሰ ሰው የሚለቅመው ነገር ላይኖር ይችላል።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ሂስትሪ «ምን» ይነግራችኋል እንጂ «ለምን» አይነግራችሁም።

ምሳሌ ልስጣችሁ፤ የኛው አገር ጉዳይ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዳታቤዙ ውስጥ ግን ቀኑ የተቀመጠው በፈረንጅ ነው። ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8 ነው፤ እዚያ ላይ ችግር የለም። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት መስከረም 30 ያልቃል። ያ በአብዛኛው ኦክቶበር 10 ነው። ስለዚህ አንዱ ጎበዝ «ከጁላይ 8 እስከ ኦክቶበር 10» ብሎ ጻፈ፣ ትክክል ወጣለት። በሚቀጥለው ዓመት ከሂስትሪ አነሳው፣ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ቀየረ፣ አሁንም ትክክል። በሚቀጥለውም እንዲሁ።

ከዚያ 2015 መጣ። ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። የ2016 መስከረም 1 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ዋለ፣ መስከረም 30 ደግሞ ኦክቶበር 11። የሂስትሪው ኩዌሪ አሁንም ኦክቶበር 10 ላይ ይቆማል። አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከመጀመሪያው ሩብ ዓመት ወድቆ ሁለተኛው ውስጥ ገባ። ማንም አላየውም፤ ለምን ብትሉ፣ የዓመቱ ድምር ልክ ነው። ቁጥሩ አይጎድልም፣ ቤቱን ብቻ ይሳሳታል። ከኩዌሪው አናት ላይ «የመጨረሻው ቀን መስከረም 30 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ኦክቶበር 11 ይሆናል» የምትል አንዲት የኮሜንት መስመር ብትኖር ኖሮ አለቀ። ሂስትሪ ግን እንዲህ ያለ ነገር ራሱ አይጽፍላችሁም። ልብ በሉ፣ በ2019 ጳጉሜን ተመልሳ 6 ቀን ትሆናለች። ዘንድሮም ከሂስትሪ እያነሳችሁ ከሆነ ቀጠሮ ይዛችኋል ማለት ነው።

ሌላ ምሳሌ፣ ስም። ፀሐይ የምትባል ደንበኛ ፈልጉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ። ኮምፒውተሩ እነዚህ አንድ ናቸው ብሎ አያውቅም፤ የየራሳቸው ፊደል ናቸው። በደንብ የሚሠራ ሰው የተደጋገሙ ስሞችን ሲያጣራ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ወደ አንድ፣ ሰና ሠን ወደ አንድ፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጥቶ ነው የሚያወዳድረው። እዚያ ለመድረስ ምናልባት አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሯል። ሂስትሪው ውስጥ አሥራ አንዱም አሉ፤ ሁሉም «ተሳክቷል» ይላሉ፣ ሁሉም ስህተት ሳያሳዩ ሄደዋል። ልክ የሆነው ግን አንዱ ብቻ ነው። የትኛው? እሱን የሚያውቀው ሰውዬው ነው። ሰውዬውስ የት ሄደ? ሌላ ቦታ ደመወዝ ተጨምሮለት ገብቷል፤ እግዜር ይጨምርለት።

«ታዲያ ምን አጠፋ? ትንሽ ነገር አጋነንክ» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አልተጋነነም። አንዲት የድሮ ተማሪዬ ላይ የደረሰውን ስሙ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ለአንድ ሪፖርት ቁጥር አወጣች፣ ቁጥሩ ተፈርሞበት ወጣ። ከሁለት ወር በኋላ ኦዲተር መጣና «ይሄን ቁጥር አሳዩኝ» አለ። እንደገና አወጣችው፤ ሌላ ቁጥር መጣ። የመጀመሪያውን ኩዌሪ ስትፈልግ የለም፤ ከሃያዎቹ ውስጥ ወጥቶ ከሄደ ቆይቷል። አለቃዋ ሰው ፊት «ቁጥር ትፈጥሪያለሽ እንዴ?» አላት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊጻፍባት ነበር። ደውላልኝ «ቲቸር፣ ትክክል ነበርኩ እኮ፤ ግን ማሳየት አልቻልኩም» ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያዳናት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ቴሌግራም። ያን ቀን ኩዌሪውን ለአንድ የሥራ ባልደረባዋ «እስቲ እይልኝ» ብላ ልካለት ነበር። እሱ ጋ ተገኘ። ሲያዩት በመጀመሪያው ኩዌሪ ውስጥ የተሰረዙ ጥያቄዎች እንዳይቆጠሩ የምታደርግ አንዲት ሁኔታ አለች፤ በችኮላ በተጻፈው በሁለተኛው ውስጥ የለችም። የመጀመሪያው ቁጥር ልክ ነበር። ልጅቷ ነጻ ወጣች። ግን እስቲ አስቡት፤ የአንድ ሰው ስምና እንጀራ የተንጠለጠለው በአንድ የቴሌግራም መልእክት ላይ ነው። ባልደረባዋ ቻቱን አጽድቶት ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ጥፋቱን ልጅቷ ላይ የምታደርጉ አላችሁ፤ እኔ አላደርግም። ያ መሥሪያ ቤት ለኩዌሪ የሚሆን አንድ የጋራ ፎልደር አልነበረውም። «እስከ አሥር ሰዓት ቁጥሩን» እንጂ «ቁጥሩንና የወጣበትን» ያላት ሰው አልነበረም። ለአንድ የወንበር ዝውውር ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ አስተዳደር፣ ለሺዎች ክፍያ መሠረት የሆነ ኩዌሪ የት እንደሚቀመጥ አንድ መስመር መመሪያ የለውም። አለቆች፣ ይሄ የእናንተ ነው። ወደ ታች አትግፉት።

ወደ ታች ደግሞ ሌላ በሽታ አለ፤ እሱንም ሳልናገር አላልፍም። አውቀው የሚደብቁ አሉ። «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። እኔ የለመድኩት ትርጉም ሌላ ነው፤ የሚያውቅ ሰው አይጎርርም ማለት ነው እንጂ የመሥሪያ ቤትን ሥራ በልብህ ቆልፈህ ሂድ ማለት አይደለም። «እኔ ከሌለሁ ያ ሪፖርት አይወጣም» ብሎ የሚኮራ ሰው አውቃለሁ። አንድ ነገር ልንገርህ ወንድሜ፣ ይሄ ዋስትና አይደለም፣ ሰንሰለት ነው። የዓመት ፈቃድ ላይ ሆነህ የሚደወልልህ፣ ለቅሶ ላይ ተቀምጠህ «ያቺን ኩዌሪ» የምትባለው፣ ዕድገት ሲመጣ «እሱ ከተነሳ ማን ይሠራዋል?» ተብለህ የምትታለፈው በዚሁ ነው። አንተ ያሰርከው ሥራ አንተንም አስሮሃል።

ከሌላኛው ጫፍ ደግሞ «ሂስትሪውን በሙሉ አጥፉት፣ አደገኛ ነው» የሚሉ የደኅንነት ሰዎች አሉ። ግማሹ እውነታቸው ነው። የደንበኛ ስልክ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የታካሚ ስም ዌር ውስጥ እየጻፋችሁ ስትፈልጉ ያ ሁሉ ሂስትሪ ውስጥ ይቀራል። ላፕቶፑን ለጥገና ሱቅ ስትሰጡ አብራችሁ ሰጣችሁት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕግም ነው። ፓስወርድም እንዲሁ። ፒኤስኪውኤል ላይ «አልተር ዩዘር» ብላችሁ አዲሱን ፓስወርድ በግልጽ ከጻፋችሁ፣ ፓስወርዱ ሂስትሪ ፋይሉ ውስጥ እንደተጻፈ ይቀመጣል። ለዚህ ነው በባክስላሽ የሚጀምረው የ«ፓስወርድ» ትዕዛዝ የተሠራው፤ እሱ ፓስወርዱን ለብቻው ይጠይቃችሁና ሂስትሪም ሎግም ውስጥ በግልጽ እንዳይገባ ያደርጋል። የማይኤስኪውኤል ክላየንትም በዩኒክስና ሊኑክስ ላይ «ፓስወርድ» የሚል ቃል ያለበትን ትዕዛዝ ካልቀየራችሁት በቀር ሂስትሪ ፋይሉ ውስጥ አያስገባም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ፈርተውታል ማለት ነው።

ግን መፍትሔው ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። ሂስትሪ ስታጠፉ አደጋ የደረሰ ቀን ምስክራችሁን ገደላችሁ። ከዚያ ይልቅ ልብ በሉ፣ ሂስትሪ ሁሉን ነገር የምናከማችበት ጓዳ ስለሆነ ነው ማጽዳት የምንፈራው። የሚጠቅመው ነገር በጊዜው ወጥቶ ቦታ ቦታውን ከያዘ፣ የቀረውን ያለ ፍርሃት መጥረግ ይቻላል። ሁለቱም ወገን የሚጣላበት ነገር ሥሩ አንድ ነው።

«ሰርቨሩ ራሱ ይመዘግብ የለ?» ለምትሉት፣ ይመዘግባል፣ ግን ለሌላ ዓላማ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2016 ወዲህ «ኩዌሪ ስቶር» አለው፤ የትኛው ኩዌሪ እንደዘገየ ለማወቅ ነው፣ ካልቀየራችሁትም የ30 ቀን ዕድሜ ነው የሚሰጠው። የፖስትግሬስ «ፒጂ ስታት ስቴትመንትስ» የጻፋችሁትን ቀንና ቁጥር አውጥቶ በቦታው ምልክት ይተካል። ያቺ ኦክቶበር 10 እዚያ ውስጥ የለችም። ከሁሉም በላይ ሰርቨሩ እንኳን ለምን እንደጻፋችሁት አያውቅም።

«አሁን ኤአይ በደቂቃ ይጽፍልኛል» ለምትሉትም፣ ይጽፍላችኋል። ግን እናንተ ዳታቤዝ ውስጥ ሁኔታ 3 ማለት «የተሰረዘ» እንደሆነ ማን ነገረው? ይሄን የሚነግረው ወይ ሰው ነው ወይ ጽሑፍ። ሰው ይሄዳል።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ቁጣ ብቻ ይዤ አልመጣሁም።

1. ከሂስትሪ ቀጥታ አታስኪዱ። ወደ ኤዲተር ገልብጡት፤ ፒጂ አድሚን ላይ ለዚሁ የተሠራ በተን አለ። ከላይ እስከ ታች አንብቡት። የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ዳታቤዝ ላይ እንዳላችሁ እዩ። ዲቢቨር ላይ ግንኙነቱን «ፕሮዳክሽን» ብላችሁ መድቡት፤ በቀለም ይለይላችኋል። አፕዴትና ዲሊት ከሆነ መጀመሪያ በዚያው ዌር ሴሌክት አድርጋችሁ ረድፉን ቁጠሩ።

2. ከመሥሪያ ቤት የወጣ ቁጥር ሁሉ ኩዌሪው ያን ዕለት ከሂስትሪ ይውጣ። ነገ አይደለም። ነገ ሃያ ሌላ ኩዌሪ አለ።

3. አናቱ ላይ በአማርኛ አምስት መስመር ኮሜንት ጻፉ፦ ማን ጠየቀው፣ መቼ፣ ለምን፣ የትኛው ዳታቤዝ ላይ፣ እያንዳንዱ ሁኔታ ለምን እንደገባ። ሲሠራ ስንት ረድፍ እንደመጣም ጨምሩ። አማርኛ መጻፍ አትፈሩ፤ ዩቲኤፍ 8 እስከሆነ ድረስ ፋይሉ ምንም አይሆንም። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ያመሰግናችኋል።

4. የጋራ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ጊት ካላችሁ በጣም ጥሩ፤ ማን ምን እንደቀየረ ይናገራል። ከሌላችሁ ባክአፕ የሚደረግበት የጋራ ፎልደር ይበቃል። የፋይሉ ስም ላይ የደብዳቤውን ቁጥር ጻፉበት። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሲገባ ኩዌሪውም አብሮት ገባ ማለት ነው። ኦዲተር ሲመጣ ቁጥሩን ይጠራል፣ እናንተ ፋይሉን ትከፍታላችሁ፣ አለቀ።

5. ከዚያ በኋላ ሂስትሪውን ያለ ሐሳብ አጽዱ። ፓስወርድና የሰው መረጃ ያለበትን በተለይ። የጋራው ፋይል ውስጥም የሰው ስልክና መታወቂያ ቁጥር አይግባ።

«ጊዜ የለም» አትበሉኝ። አምስት መስመር አምስት ደቂቃ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሂስትሪ ውስጥ እየጎተታችሁ የምታሳልፉት ግማሽ ቀን ግን ጊዜ አይደለም? ያቺ ልጅ ስትከሰስ ያሳለፈችው ሳምንትስ?

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ሂስትሪ ጽሑፍ ይመስላል፤ ፊደል አለው፣ ሰዓት አለው። ግን ለማንም አይወረስም። የሚያስታውሰው ለባለቤቱ ብቻ፣ ያውም ለጥቂት ቀን ነው። ስለዚህ በቃል ካለው ጋር ደምሩት።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ማታ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ፤ ማርክ የለውም። ሂስትሪያችሁን ክፈቱ። «እኔ ነገ ባልገባ ሰው ይቸገራል» የምትሏቸውን ሦስት ኩዌሪዎች ፈልጉ። አውጡ፣ ስም ስጧቸው፣ ለምን እንደተጻፉ ጻፉ፣ ባልደረባችሁ በሚያገኛቸው ቦታ አስቀምጡ። የጨረሰ ኮሜንት ላይ «3» ብሎ ይጻፍልኝ። አለቃ የሆናችሁ ደግሞ ፎልደሩን ክፈቱላቸው፤ እናንተ «ፎልደሩ ተከፍቷል» ብላችሁ ጻፉ። የማትስማሙም በምክንያት ተከራከሩኝ፣ እመልሳለሁ። ስድብ ይዞ የሚመጣ ግን ሂስትሪ ውስጥ ይቀራል።

ሰላም እደሩ።